በመሸ ጊዜ የሚሮጠውን ለመያዝ

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ አሳሰበኝ። ጸሐፊው የ23 ዓመት ወጣት ነው። የሚኖረው አዲስ አበባ ሲሆን፥ በትርፍ ጊዜው የሠርግና የስፖርት ፎቶግራፍ እያነሣ ኑሮውን ይደጉማል። እስከ ዛሬ የሠራው በውሰት ካሜራ ነው፤ አሁን ግን ሁለት ዓመት የጣለው ዕቁብ ሊወጣለት ስለ ሆነ የራሱን ለመግዛት ቆርጧል። አንድ ነጋዴም «32 ሜጋፒክስል ነው፤ ከነሌንሱ ውሰደው» እያለ አንድ አዲስ ካሜራ አሳይቶታል። ዋጋው የዕቁቡን ብር አንድ ሳንቲም ሳያስተርፍ ይበላዋል። «እኔ የማነሣው በአብዛኛው ማታ በአዳራሽ የሚጨፍረውንና በስታዲየም የሚሮጠውን ሰው ነው፤ ልግዛው ወይስ ልተወው?» ሲል ይጠይቀኛል።

ወንድሜ ሆይ፥ ዕድሜህን ስለ ነገርኸኝ እንደ ታናሽ ወንድም «አንተ» እያልሁ ልመልስልህ። መልሴ አጭር ነው፤ እንደዚያ አድርገህ አትግዛ። ምክንያቱን ግን ማስረዳት ይገባኛል፤ እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ ተሳስቼ የከፈልሁት ዋጋ በብር የሚመለስ አልነበረምና።

ከዓመታት በፊት እኅቴ ስታገባ፥ በቁጠባዬ ሁሉ የገዛሁትን አዲስ ካሜራ ይዤ ወደ ሠርጉ አዳራሽ ገባሁ። ያሳደገችን አክስታችን ሕመም ስለ ጠናባት ከወንበሯ አትነሣም ነበር። ዘፈኑ ሲደምቅ ግን ብድግ አለችና እስክስታ ወረደች። ሰው ሁሉ እልል አለ። እኔም ዐርባ ጊዜ ያህል አከታትዬ አነሣኋት። ቤት ገብቼ ስመለከተው፥ ግድግዳውና የአበባው ማስቀመጫ ቁልጭ ብለዋል፤ አክስቴ ግን እንደ ጭስ ተበትናለች። በዓመቱ ዐረፈች። ስትጨፍር የሚያሳይ ሌላ ፎቶግራፍ የለንም።

ጥፋቱ የካሜራው አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ገንዘቤን ሁሉ በካሜራው አካል ላይ አፍስሼ ለዐይኑ፥ ማለት ለሌንሱ፥ ምንም አላስቀረሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶግራፍ ማንሣት ከምንጭ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። ምንጩ ሲደክም ቀጂው ወይ ረዥም ጊዜ መጠበቅ፥ ወይ አፉ ሰፊ የሆነ እንስራ ማቅረብ አለበት። ጨለማ «መዝጊያውን ብዙ ጊዜ ከፍተህ ቆይ» ይላል፤ የሚሮጥ ሰው ደግሞ «ቶሎ ዝጋው» ይላል። ማታ የሚሮጥን ሰው ማንሣት የሚያስቸግረው እነዚህ ሁለት ጌቶች በአንድ ጊዜ ስለሚያዝዙ ነው።

በቁጥር እንየው። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሴኮንድ ሲጨርስ፥ በአማካይ በየሴኮንዱ 6 ሜትር ከ34 ሳንቲሜትር ይሄድ ነበር። የካሜራው መዝጊያ ለሴኮንድ አንድ ስድሳኛ ቢከፈት፥ በዚያች ቅጽበት ሯጩ ከ10 ሳንቲሜትር በላይ ዐልፏል። ለአንድ ሺኛ ቢከፈት ግን የሚሄደው 6 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህም የደረቱ ፍጥነት ነው፤ ወደ ፊት የሚወረወረው እግሩ ከዚህም ይፈጥናል። ስለዚህ ለሯጭ ከአንድ አምስት መቶኛ እስከ አንድ ሺኛ፥ ለእስክስታ ቢያንስ አንድ ሁለት መቶ ኀምሳኛ ሴኮንድ እፈልጋለሁ ብለህ ተነሣ።

ይህን ፍጥነት ከየት እናመጣዋለን? ከሌንሱ አፍ። በሌንሱ ግንባር ላይ ኤፍ ተብሎ የተጻፈው ቁጥር የአፉን ስፋት የሚናገር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አፉ ይሰፋል። ነጋዴው ያሳየህ ሌንስ፥ እንደ ጻፍህልኝ፥ ከ3.5 እስከ 5.6 የሚል ነው። ይህም ማለት ሩቁን ለማቅረብ ስትስበው አፉ ወደ 5.6 ይጠብባል። ኤፍ 2.8 የሆነ ሌንስ ከዚህ 4 እጥፍ፥ ኤፍ 1.8 የሆነው ደግሞ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። እንግዲህ በአንድ አዳራሽ ውስጥ በ5.6 አንድ ስድሳኛ ሴኮንድ ያስፈለገው ፎቶግራፍ፥ በ2.8 አንድ ሁለት መቶ ዐርባኛ፥ በ1.8 ከአንድ አምስት መቶኛም ባነሰ ጊዜ ይነሣል። መብራቱ ያው፥ ካሜራው ያው፥ ጨፋሪዋም ያችው ናት።

የአፍ ስፋት ምን ያህል ኀይል እንዳለው ለማወቅ የሲኒማ ታሪክ አንድ ምሳሌ ይሰጠናል። ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን «ባሪ ሊንደን» የተባለውን ፊልም ሲሠራ አንዳንዱን ትርዒት በሻማ ብርሃን ብቻ ለመቅረጽ ፈለገ። ይህን ያስቻለው የዛይስ ፋብሪካ ለአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ያዘጋጀው ኤፍ 0.7 የሆነ ሌንስ ነው። ያ ሌንስ ነጋዴው ካሳየህ ሌንስ 64 እጥፍ ብርሃን ይቀበላል። አንተና እኔ እዚያ አንደርስም። ነገር ግን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 የተባለው ትንሽ ሌንስ ከሁሉ ርካሽ ከሚባሉት መካከል ነው፤ ካኖንም ኒኮንም ይሠሩታል። ለመድረክና ለፊት 85 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8ን ጨምርበት። ለስታዲየም ባለሙያዎቹ የሚይዙት ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር የሚደርሰውን ኤፍ 2.8 ነው፤ እርሱ ግን ከባድም ውድም ስለ ሆነ ለሌላ ዕቁብ ይቆይ።

አፉ የሰፋ ሌንስ ግን ዕዳ አለው። 85 ሚሊሜትሩን እስከ 1.8 ከፍተህ ከ2 ሜትር ርቀት ላይ ሰው ብታነሣ፥ ትልቅ ሴንሰር ባለው ካሜራ ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 6 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ዐይን ጥርት ሲል ጆሮ ይደበዝዛል። ሙሽራውና ሙሽራይቱ ጎን ለጎን ካልቆሙ፥ ከሁለቱ አንዱ ቅር ይለዋል። ስለዚህ ለብቻ የሚጨፍረውን በ1.8፥ ብዙ ሰው ያለበትን በ2.8 ወይም በ4 አንሣ።

ሌንሱ አልበቃ ሲል አይ.ኤስ.ኦ የተባለውን ቁጥር ከፍ ታደርጋለህ። ይህ የተቀዳውን ብርሃን ያጐላዋል እንጂ አዲስ ብርሃን አያመጣም፤ ስለዚህ ፎቶግራፉ ላይ ብናኝ የመሰለ ነገር ይታያል። ብዙ ጀማሪዎች ብናኙን ስለሚፈሩ ቁጥሩን ዝቅ አድርገው የተበተነ ፊት ይዘው ይመለሳሉ። አንተ እንዲህ አታድርግ። ብናኝ ያለበትን የእናቱን ፎቶግራፍ የጣለ ሰው አላየሁም፤ ፊቷ የጠፋበትን ግን ማንም አይሰቅለውም።

አሁን ወደ ካሜራው አካል እንመለስ። ሜጋፒክስል የፎቶግራፉን ትልቅነት ይናገራል እንጂ በጨለማ የማየትን ችሎታ አይናገርም። ለማታ ሥራ ከዚያ የሚበልጠው የሴንሰሩ ስፋት ነው። ትልቁ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ሲሆን፥ በአነስተኛ ካሜራዎች ላይ የተለመደው 23.5 በ15.6 ያህል ነው። ስፋታቸው ሲሰላ የመዠመሪያው ከሁለተኛው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ካሜራው በደብዛዛ ብርሃን ዒላማውን ፈልጎ የማግኘት ችሎታው፥ በመጨረሻም በሴኮንድ ስንት ጊዜ ያነሣል የሚለው ይመጣል። ዒላማውን የሳተ ካሜራ በሴኮንድ 20 ጊዜ ቢተኩስ፥ ትርፉ 20 ስሕተት ነው።

«በካሜራው ውስጥ ማረጋጊያ አለ» የሚል ነጋዴም ያጋጥምሃል። እውነት ነው፥ አለ። ነገር ግን ማረጋጊያው የሚያረጋጋው የአንተን እጅ እንጂ የሯጩን እግር አይደለም። የአክስቴን ፎቶግራፍ ያበላሸው እጄ ቢሆን ኖሮ ግድግዳውም በተበተነ ነበር።

ታዲያ ምን ልግዛ ትላለህ? ኒኮንና ካኖን እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ መስታወት ወደሌላቸው ካሜራዎች ስላዘነበሉ፥ ብዙ ባለሙያዎች የቀድሞዎቹን ባለመስታወት ካሜራዎች እየሸጡ ናቸው። ለምሳሌ ኒኮን በ2014 ያወጣው ዲ750 ትልቅ ሴንሰርና 24 ሜጋፒክስል አለው፤ በሴኮንድ 6 ጊዜ ያህል ያነሣል፤ በደብዛዛ ብርሃንም ዒላማውን ደኅና አድርጎ ያገኛል። ያገለገለ ካሜራ ገዝተህ፥ ከገንዘብህ ግማሽ የሚሆነውን ለ50ውና ለ85ቱ ሌንስ አውጣው። በአዲሱ ካሜራ ከሚመጣው ሌንስ ጋር ስታወዳድረው፥ ማታ በአዳራሽ ውስጥ ልዩነቱን ራስህ ታየዋለህ።

ነገር ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ያገለገለ ዕቃ ስትገዛ መዝጊያው እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ እንደ ሠራ ጠይቅ። ሌንሱን ወደ መብራት አቅንተህ ውስጡን ተመልከት፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካየህ ሻጋታ ነውና ተወው። በክረምታችን እርጥበት ሻጋታ ቶሎ ይይዛል፤ አንተም ገዝተህ ስትገባ ሌንስህን እርጥበት በሚመጥ ከረጢት አጠገብ አስቀምጥ። ከዚያም ነጭ ዘንግ መብራት ባለበት ክፍል ውስጥ በአንድ አምስት መቶኛ ሴኮንድ 20 ፎቶግራፍ አከታትለህ አንሣ። አንዱ ደማቅ አንዱ ጨለም ያለ ቢወጣ ካሜራው ታሟል አትበል። የኤሌክትሪካችን ኀይል 50 ኸርዝ ስለ ሆነ እንዲህ ያሉት መብራቶች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ ይደክማሉ፤ ፈጣን መዝጊያ ከዚያ ቁራጩን ብቻ ይይዛል። ካሜራው ይህን የሚያስተካክል መሣሪያ ከሌለው፥ በእንዲህ ያለ አዳራሽ ውስጥ ወደ አንድ መቶኛ ሴኮንድ መውረድ ግድ ይሆናል።

ፍላሽስ? ጣሪያው ዝቅ ያለና ነጭ በሆነ አዳራሽ ውስጥ ፍላሹን ወደ ጣሪያው አዙረህ ብትተኩስ ብርሃኑ ተመልሶ በለስላሳ ይወርዳል፤ ለሠርግ ትልቅ ረዳት ነው። በስታዲየም ግን ሩቁ ሯጭ ዘንድ አይደርስም። በትንሣኤ ሌሊት ምእመናን ጧፍ አብርተው በቆሙበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍላሽ ማብለጭለጭ ደግሞ ነውር ነው፤ የጧፉንም ብርሃን ገድሎ የሌሊቱን መልክ ያጠፋዋል። እዚያ የሚያስፈልግህ አፉ የሰፋ ሌንስና ትዕግሥት ናቸው።

ስለ ትዕግሥት ካነሣን፥ ያለ ገንዘብ የሚገኝ አንድ ብልኀት ልንገርህ። የሚዘል ሰው ከጫፍ ሲደርስ ሊወርድ ሲል ለአንዲት ቅጽበት ቀጥ ይላል። እስክስታ የሚመታም ትከሻውን ከላይ አድርሶ ሊመልስ ሲል እንዲሁ ነው። ዘፈኑን አድምጥ፤ ምቱን ተከተል፤ ያችን ቅጽበት ጠብቀህ ተጫን። ያን ጊዜ ዘገም ያለ መዝጊያም ይበቃሃል። ይህን የሚያውቅ ሰው በተራ ካሜራ፥ በውድ ካሜራ ዝም ብሎ ከሚተኩሰው ይልቅ ያተርፋል።

እንግዲህ ወንድሜ፥ ነጋዴው ቢያጣድፍህ አትቸኩል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና። ካሜራ ዛሬ ባይገዛ በሚቀጥለው ወር ይገዛል። የሠርጉ ማታ ግን አይደገምም፤ አንተን የሚጠሩህ ሰዎችም አደራ የሚሰጡህ ያን ማታ ነው። በዚያ አዳራሽ ጥግ ላይ ሕመሟን ረስታ ከወንበሯ የምትነሣ የአንድ ሰው አክስት ትኖራለች። እርስዋ ስትነሣ ሌንስህ አፉን ከፍቶ ይጠብቃት።