ሹመትና ዝምድና

ዝምድና መልካም ነገር ነው፤ በሐዘን ጊዜ የሚያጽናና፥ በችግር ጊዜ የሚደግፍ ዘመድ ነውና። ነገር ግን በቤት ውስጥ ምግባር የሆነው ሁሉ በመንግሥት ወንበር ላይ ምግባር ሊሆን አይችልም። ለዘመድ ማዘን ከገዛ ሌማት ሲሆን ቸርነት ነው፤ ከሕዝብ ጎተራ ሲሆን ግን ስርቆት ነው።

በአቃቂ ሥራ ፈላጊ የሆነ ወጣት ማስታወቂያ ባየ ጊዜ ጎረቤቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ተምረሃል?» ብሎ አይደለም፤ «እዚያ ቤት ሰው አለህ ወይ?» ብሎ ነው እንጂ። ወጣቱም 38 ዓመት በአልጋው ላይ እንደ ተኛው እንደ መጻጉዕ «ሰው የለኝም» ብሎ ይመለሳል። ሕግ ጠፍቶ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ክፍት የሥራ ቦታ የሚሰጠው ተፈላጊውን ችሎታ አሟልቶ ከተወዳዳሪዎቹ ብልጫ ላገኘ ሰው ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር።

ዘመድ የሌለው ዳኛ ዕጣ ነው ተብሎ የጋራ መኖሪያ ቤት በዕጣ እንዲታደል ተደረገ። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ተመዝግቦ ከዕለት ጉርሱ እየቀነሰ የቆጠበው ድኻ፥ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ የተሠሩትን ቤቶች ከሩቅ እያየ ተራውን ጠበቀ። ነገር ግን በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ 14ኛው ዙር ዕጣ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ገብተውበት ስለ ተገኘ ተሰረዘ። ዕጣውን የሚያወጣው ሰው ካልታመነ ዕጣውም አይታመንም።

ይሁን እንጂ ጥፋቱ የሹማምንት ብቻ አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ለልጅ የሚያወርሰው ሕዝቡ ራሱ ነው። ሹሙ የአጎቱን ልጅ ያለ ፈተና ባያስገባ «ወገኑን የረሳ» ተብሎ በለቅሶ ቤትና በዕድር ይታማል፤ ያስገባ እንደ ሆነ ግን ይመረቃል። አድልዎን የሚያማውም ሰው ብዙ ጊዜ የሚቆጨው ነገሩ ስለ ተደረገ አይደለም፤ ለእርሱ ስላልተደረገለት ነው።

ስለዚህ አድልዎ የሚጠፋው ዘመዱን ባለ መሾሙ የታማውን ሹም ሕዝቡ ማክበር በጀመረ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ እናት ለልጇ ሰው ፍለጋ ደጅ መጥናቷን ትታ ዕውቀት እንዲፈልግ ትልከዋለች። ይህ ካልሆነ ግን ዛሬ የሌላውን ልጅ ገፍቶ የገባው ዘመድ ነገ ለታመመው ሐኪም፥ ለተከሰሰው ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሥራውን ያላወቀ እጅም ዘመድና ባዕድ አይለይም።