ስለ ቤት ውስጥ ዱላና ስለ ሽማግሌ ጥያቄ

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና አጠባበቅ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ ግን ሁሉ እያወቀው ሁሉ ስለሚሸፍነው ነገር፥ ይኸውም ባል በሚስቱ ላይ ስለሚያነሣው ዱላ ጥቂት ቃል ለመናገር አሰብን። የምንናገረውም ዱላ ክፉ መሆኑን ለማስረዳት ብቻ አይደለም፤ ይህንስ አስተዋይ የሆነ ሰው አይክደውም። ልንመረምረው የፈለግነው፥ ክፉነቱ እየታወቀ ስለ ምን እንደ ደንብ ተቈጥሮ በየቤቱ ይኖራል የሚለውን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የባልና ሚስት ዕርቅ ተጠርተን ሄድን። ሴቲቱ ዓይኗ አብጦ፥ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ፥ በአባቷ ቤት ተቀምጣ ነበር። ባሏም በመሥሪያ ቤቱ የተከበረ፥ በሰውም ዘንድ ጨዋ የሚባል ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዱ ከተመራረቁ በኋላ፥ በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት አዛውንት ወደ እርሷ ዞር ብለው፥ «ልጄ፥ ምን አጥፍተሽ ነው?» ሲሉ ጠየቋት። እርሷም ለባሏ ሳትነግር ወደ ወንድሟ ቤት ሄዳ አምሽታ እንደ ተመለሰች በዝግታ ተናገረች። ከዚያ በኋላ ስለ ዓይኗ የጠየቀ አልነበረም። እናቷም፥ «ቻዪው ልጄ፤ እኔም ችዬ ነው ያሳደግሁሽ» አሏት። በመጨረሻም ባሏ አንድ ቀሚስ እንዲክሳት፥ እርሷም ያለ ፈቃዱ ከቤት እንዳትወጣ ተፈረደ። እኛም ከሽማግሌዎቹ ጋራ ተቀምጠን ነበር፤ ነገር ግን አንዳች ቃል አልተናገርንም። የቀረበልንን ቡና ጠጥተን፥ «እንኳን ታረቃችሁ» ብለን ተነሣን።

አባቶቻችን «ካነጋገር ይፈረዳል፥ ካያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። በዚያ ቀን ፍርዱ የተሰጠው በመጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያው ጥያቄ እንደ ነበረ የተረዳነው ዘግይተን ነው። ሰው ጎረቤቱን በዱላ መትቶ ቢያቈስለው፥ ዳኛ የተመታውን አስቀድሞ «ምን አጥፍተህ ነው?» አይለውም፤ የመታውን ግን «ስለ ምን መታኸው?» ይለዋል። ሚስት የተመታች እንደ ሆነ ጥያቄው ይገለበጣል። ጥያቄውም በተገለበጠ ጊዜ ዱላው ወንጀል መሆኑ ቀርቶ ቅጣት ይሆናል፤ የሚቀረውም ጥፋቷ ለቅጣቱ ይበቃል ወይስ አይበቃም ብሎ መመዘን ብቻ ነው።

ይህም አሳብ የጥቂት ሰዎች ብቻ አይደለም። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2008 ዓ.ም. ባደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ሴቶችና ወንዶች ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት እንዳለ ተጠይቀው ነበር። የቀረቡትም ምክንያቶች አምስት ናቸው፤ ምግብ ብታሳርር፥ ብትከራከረው፥ ሳትነግረው ከቤት ብትወጣ፥ ልጆቿን ቸል ብትል፥ አብራው ለመተኛት እንቢ ብትል። ከእነዚህ ቢያንስ በአንዱ መመታቷ ተገቢ ነው ያሉት ከመቶ 63 ሴቶች ሲሆኑ፥ ወንዶቹ ግን ከመቶ 28 ብቻ ነበሩ።

ይህን ያየ ሰው «እንግዲህ ሴቶቹ ራሳቸው ከወደዱት ምን እናድርግ» ሊል ይችላል። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» የሚለውም ክፉ ተረት እውነት ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሴት ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምራ ቀስ ብላ እንድትናገር፥ አጎንብሳ እንድትሄድ፥ የቤቷን ገመና እንድትሸፍን ትማራለች። ጨዋ የምትባለውም በመቻሏ መጠን ነው። ወንድ ልጅ ደግሞ «ወንድ አያለቅስም» እየተባለ ያድጋል፤ ባደገም ጊዜ ሚስቱን ካልገራ ወንድነቱ የጎደለ ይመስለዋል። መግራት የሚለው ቃል ለፈረስና ለበቅሎ የተሠራ መሆኑን ግን የሚያስብ የለም። ዱላም እንደዚሁ መምከር፥ መቅጣት፥ ማረም የሚባል የማዕርግ ስም ይሰጠዋል። እናት «ቻዪው» ስትል ልጇን ጠልታ አይደለም፤ ገንዘብ የሌላት ሴት ባሏን ትታ ወዴት እንደምትገባ ስለምታስብ ነው። ስለዚህ የእነዚያ ሴቶች መልስ የተፈጥሮ ሳይሆን የትምህርት ፍሬ ነው።

የትምህርት ፍሬ መሆኑም የሚታወቀው በመለወጡ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው በዚሁ ዓይነት ጥናት ዱላውን ተገቢ ያሉት ሴቶች ከመቶ 85 ነበሩ፤ በ1997 ዓ.ም. 81፥ በ2003 ዓ.ም. 68 ሆኑ። ወንዶቹም በ1997 ዓ.ም. ከነበሩበት ከመቶ 52 በ2008 ዓ.ም. ወደ 28 ወርደዋል። በጥቂት ዓመታት ይህን ያህል የሚቀንስ ነገር ልማድ እንጂ ባሕርይ ሊሆን አይችልም።

ሕጉም ከልማዱ ጋራ ተለውጧል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ሁለቱ በእኩልነት ቤታቸውን እንዲያስተዳድሩ ደነገገ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ቢያገባ ከክስ እንዲድን መንገድ ይከፍትለት ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘግቶታል፤ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊትም በስሙ ጠርቶ ያስቀጣል።

ነገር ግን ሕግ በአደባባይ ሲታወጅ፥ ፍርድ የሚጀመረው በቤት ነው። ያው የ2008 ዓ.ም. ጥናት እንዳሳየው፥ ግፍ ከደረሰባቸው ሴቶች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ለማንም አልተናገሩም፥ እርዳታም አልፈለጉም። የፈለጉትም ቢሆኑ አብዛኞቹ የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ዘመድ ነው። እንግዲህ ከዳኛና ከፖሊስ አስቀድሞ የተበደለችውን ሴት የምንቀበላት እኛ ነን፤ የመጀመሪያውንም ጥያቄ የምንጠይቅ እኛ ነን።

ስለዚህ በሸንጎም በሽምግልናም ለምትቀመጡ፥ ቃላችሁ ለሚሰማ አንባብያን አንድ ነገር እናሳስባለን። የተመታች ሴት ከፊታችሁ ስትቀርብ አስቀድማችሁ «ምን ያህል ተጎዳሽ? ዛሬ የት ታድሪያለሽ?» በሏት፤ ባሏንም «ስለ ምን እጅህን አነሣህ?» በሉት። ሁለቱ የተጣሉበትን ነገር ሌላ ቀን መስማት ይቻላል። ዕርቅ መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን የተበደለችውን ወደ ዱላው መልሶ መስደድ ዕርቅ አይባልም፤ ጉዳቱም ለሕግ የሚደርስ ከሆነ በሽማግሌ ቃል ሊሸፈን አይገባውም።

በዚያ የዕርቅ ቀን የሴቲቱ ልጅ፥ ስድስት ዓመት የሚሆናት ሕፃን፥ በሩን ተደግፋ ቆማ ሁሉን ትሰማ ነበር። አዛውንቱ ሲጠይቁ፥ አያቷ ሲመክሩ፥ እኛም ዝም ስንል አይታለች። ያን ቀን ያስተማርናትን ትምህርት የሚሽር ሌላ ትምህርት ከእኛው ዘንድ ይመጣላት ዘንድ ይገባል፤ ይህንንም የጻፍነው የዚያን ዝምታ ዕዳ በጥቂቱ ለመክፈል ብለን ነው።