የጎማ ቀረጥና የመካነ ኢየሱስ አይሱዙ

የአይሱዙ ባለቤት ጎማ ሲገዛ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ የየት አገር ነው? ዋጋው ስንት ነው? መቼ ተሠራ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከእስቴዋ መካነ ኢየሱስ እህል ጭኖ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም በወረታ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ለሚመላለስ መኪና ግን ኪሣራው ያለው እዚሁ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ጥርሱ ገና ያልተበላ ጎማ ጎኑ ተሰነጣጥቆ ሲፈነዳ ጥፋቱ የሚላከከው በመንገዱ ላይ ነው። መንገዱ ድርሻ የለውም አይባልም። ሌላው ተጠያቂ ግን በገበያው ስሙ የማይነሳ ኬሚካል ነው።

ላስቲክ በአየር ውስጥ ባለው ኦክስጅንና ኦዞን ይደርቃል። ይህን ለማዘግየት ፋብሪካዎች አንቲኦክሲዳንት ይቀላቅሉበታል፤ መጠኑ በ100 ኪሎ ላስቲክ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ገደማ ነው። በብዛት የሚሠራባቸው 6ፒፒዲና ቲኤምኪው የሚባሉት ናቸው። ኬሚካሉ ጎማው ቢሄድም ባይሄድም፣ መጋዘን ቢቀመጥም ቀስ በቀስ ያልቃል። ፀሐይ ላይ ለረዥም ጊዜ የቆመ መኪና ጎማማ የባሰ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት መንገድ በተዘጋ ቁጥር የቆሙት መኪኖች ባለቤቶች ያጡት የጭነት ገቢ ብቻ አይደለም።

በዓለም ገበያ የእነዚህ ኬሚካሎች ትልቋ አምራች ቻይና ናት። ህንድ የራሷን አምራቾች ለመከላከል ከቻይናና ከደቡብ ኮሪያ በሚገቡ የጎማ ኬሚካሎች ላይ የፀረ ዳምፒንግ ቀረጥ ስትጥል ቆይታለች። ህንድ የምትከላከለው የኬሚካል ፋብሪካ ስላላት ነው። ኢትዮጵያ ምኗን ትከላከላለች? ቀድሞ አዲስ ጎማ፣ በኋላም ማታዶር አዲስ ጎማ ይባል የነበረው ሆራይዘን አዲስ ጎማ ኬሚካሉን የሚያገኘው ከውጭ በዶላር ነው። ስለዚህ በአንቲኦክሲዳንት ላይ የሚጣል ቀረጥ፣ ትንሽም ቢሆን፣ የሚያሳድገው የአገር ውስጥ አምራች የለም፤ የጎማውን ዋጋ ከማናር በቀር። 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስም የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ነው።

ሌላው ጣጣ የታሪፍ ምደባው ነው። ለአንድ ዓይነት ሥራ የሚውሉት ሁለቱ ኬሚካሎች በታሪፍ መጽሐፉ ጎረቤት አይደሉም። 6ፒፒዲ ራሱን የቻለ ኬሚካል ስለሆነ በምዕራፍ 29 ሥር ሲመደብ፣ ቲኤምኪው በምዕራፍ 38 ሥር ነው፤ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2017 በተሻሻለው ዓለም አቀፍ የዕቃዎች ምደባ 3812.31 የሚል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ቁጥሩን የሳተ የጉምሩክ አስተላላፊ ዕቃውን ለክርክርና ለመጋዘን ኪራይ ይዳርገዋል። ሁለቱም በዜሮ ቀረጥ ቢገቡ የምደባ ክርክሩ ግማሹ በራሱ ይቀር ነበር። መንግሥት ከዚህ የሚያጣው ገቢ ከጎማው ክብደት አንፃር ሲታይ ኢምንት ነው።

ባለቀለት ጎማ ላይ ያለው ቀረጥ ግን ለብቻው መታየት ይገባዋል። የአገር ውስጥ ፋብሪካ ከለላ ያስፈልገዋል የሚለው ክርክር መሠረት አለው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ጥሬ ዕቃ ማስገባት ብዙ ብር ይጠይቃል። ሆኖም የከለላውን ዋጋ የሚከፍለው የመካነ ኢየሱሱ አይሱዙ ነው። ቀረጡ ዋጋውን ሲያንረው ባለመኪናው ርካሽ ፍለጋ ይሄድና ዓመታት ያስቆጠረ ጎማ ተሸክሞ ይመለሳል። በረባሶ ለመሆን የደረሰውን ጎማ በአዲስ ዋጋ ገዛ ማለት ነው።

ለዚህ ታሪፍ እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልግም። በብዙ ጎማዎች ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ። 2319 ከሆነ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ጉምሩክ ይህን ቁጥር በዲክላራሲዮን ላይ ቢያስመዘግብ፣ የመርካቶ ጅምላ ሻጭም በደረሰኙ ላይ ቢጽፈው፣ የደብረ ታቦርና የመካነ ኢየሱስ ቸርቻሪ የአምስት ዓመቱን ጎማ በአምናው ዋጋ አይረከብም ነበር።