ታሞ የዳነ ልጅ ቶንሲል ውስጥ

እ.ኤ.አ. በ1953 ዋላስ ሮውና ባልደረቦቹ አሜሪካ፣ ቤተስዳ በሚገኘው የጤና ምርምር ተቋም ከልጆች በቀዶ ሕክምና የወጣ አዴኖይድ ወስደው በመስታወት ቱቦ ያሳድጉ ጀመር። አዴኖይድ ከአፍንጫ ጀርባ ያለው፣ ከቶንሲል ጋር አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ሥጋ ነው። ሴሎቹ መጀመሪያ ላይ አማረባቸው። ውለው አድረው ግን ማንም ምንም ሳይጨምርባቸው ክብ ክብ እየሆኑ ረገፉ። ገዳዩ ከውጭ አልገባም፤ ከሥጋው ጋር አብሮ የመጣ ነበር። በኋላም አዴኖቫይረስ ተባለ።

ይህን ታሪክ ወላጅ ሁሉ ቢያውቀው እወዳለሁ። ልጁ ጉንፋኑ ለቆት፣ በልቶ ጠጥቶ እየተጫወተ፣ ቫይረሱ ግን በቶንሲሉ ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ኤፕስታይን ባር የሚባለው ቫይረስማ አንዴ ከገባ ዕድሜ ልክ አይወጣም። ብራዚል ውስጥ የተሠሩ ጥናቶችም ጉንፋን በሌለባቸው ልጆች ቶንሲል ውስጥ የኮሮና ቫይረስን ጨምሮ በርካታ ቫይረሶች አግኝተዋል። እንግዲህ ቫይረስ ተገኘ ማለት ዛሬ ልጁን ያሳመመው እሱ ነው ማለት አይደለም።

እኛ ዘንድ ልጅ ባተኮሰው ቁጥር «ቶንሲሉ ተነሣበት» ይባልና አሞክሳሲሊን ያለ ማዘዣ ይገዛል። ትኩሳቱ ሲበርድ የተረፈው ሽሮፕ ይቀመጥና ለታናሽየው ይሰጣል። መድኃኒቱ ቫይረስን አይነካም፤ ባክቴሪያን ግን መድኃኒት ያለማምዳል። ከሁሉ የሚያመኝ እንጥል ማስቆረጥ ነው። ሕፃን ደም እየፈሰሰው የሚሠቃየው በሽታውን ለማያድን ምላጭ ነው።

ሆኖም «ቫይረስ ነው፣ ይለቀዋል» ብሎ መተውም ያስፈራኛል። ጉሮሮን የሚያሳምመው ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ካልታከመ የልብ በር የሚያበላሸውን የሩማቲክ ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል፤ በአገራችን ሆስፒታሎች የልብ ክፍል የሚተኙ ስንት ወጣቶች መነሻቸው ይኸው የጉሮሮ ሕመም ነው! ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ካለ ወደ ቫይረስ ያደላል። ነጭ መግል ማየት ብቻውን ግን አይበቃም፤ አዴኖቫይረስም ያንኑ መግል ያወጣልና የባለሙያ ዓይን ሳይቀር ይሳሳታል። ከጉሮሮ ናሙና ወስዶ በደቂቃዎች ውስጥ ስትሬፕቶኮከስን የሚለይ ምርመራ አለ። ይህ ምርመራ በየጤና ጣቢያው ሊኖር ይገባል፤ በጀት ሲያዝም ከወባ ምርመራ ጎን ሊጻፍ ይገባዋል።