ቁሌት አስቀምጣ የምታበላ ሴት ሰነፍ አይደለችም



ሰሞኑን ደጋግሜ የምሰማት ፌዝ አለች። «የፍሪጅ ወጥ የምታበላ ሚስት ምኑን ባለሙያ ሆነች?» ይባላል። ነፋስ መውጫ ላይ ደግሞ «በዚህ ብርድ ፍሪጅ ምን ሊሠራ?» ይጨመርባታል። ሳቁን ተወት አድርገን ነገሩን እንየው እስኪ።

እናቶቻችን ሥጋውን ቋንጣ፣ እንጀራውን ድርቆሽ ያደርጋሉ። ቅቤውን ያነጥራሉ፤ በርበሬና ሽሮውን ለወራት ያሰናዳሉ። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ቤት ተከራይቶ የተማረ ልጅ ይህን ስንቅ ያውቀዋል። ይሄን ስንፍና ያለ የለም። ታዲያ በፀሐይ ሲሆን ሙያ፣ በበረዶ ሲሆን ስንፍና የሆነው ለምንድን ነው?

ሥራውን አስቡት። ሽንኩርት መላጥ፣ መክተፍ፣ ማቁላላት፣ በርበሬ ጨምሮ ማብሰል። ስድስት ክፍለ ጊዜ አስተምራ የገባች መምህርት ይሄን በየቀኑ ከምትደግመው፣ ቅዳሜ አንዴ አቁላልታ ብታስቀምጥ ምን ነውር አለው? ቅቤ ሳይገባበት ከተቀመጠ እኮ ለጾሙም ለፍስኩም ይሆናል።

ግን በዘዴ ይሁን። በረዶ ጀርሙን አይገድለውም፣ ባለበት ያቆመዋል እንጂ። ስለዚህ፦

👉 ቁሌቱ ከወጣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ቀዝቅዞ ይግባ። በትልቅ ድስት ሳይሆን ለአንድ ወጥ በሚበቃ መጠን ተከፋፍሎ፣ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ቀን ተጽፎበት። ሲቀዘቅዝ ስለሚያብጥ ዕቃው ጢም ብሎ አይሞላ።
👉 ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ከሆነ ለሁለት ሦስት ወር ጣዕሙ አይጠፋም።
👉 የሳምቡሳ ምስር በስሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ይቀመጣል። የቃሪያ ስንግ ግን አይሆንም፤ በአትክልቱ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሲሆን ሕዋሱን ስለሚሰነጣጥቀው ሲቀልጥ ይልፈሰፈሳል። ሰላጣና ቲማቲምም እንደዚያው።
👉 ለሰላጣ የሚሆን የሎሚ ጭማቂ ለብቻው ይቀዘቅዛል፤ ዘይቱ በኋላ ይጨመር። ማዮኔዝ ከገባበት ይለያያልና አታቀዝቅዙት።
👉 ነጭ ሽንኩርት በዘይት ፈጭታችሁ መደርደሪያ ላይ አታቆዩ፤ ሳይሸት ሊመርዝ ይችላል። በረዶ ውስጥ ይግባ።

«መብራቱስ?» ትሉኛላችሁ፤ ልክ ናችሁ። መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ። የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ እስከ 24 ሰዓት ይይዛል። የታችኛው ፍሪጅ ግን አራት ሰዓት ያህል ነው። መብራት ሲመጣ በረዶው ያልቀለጠውን መልሱት፤ ቀልጦ ሞቆ ያደረውን ግን ሳታመነቱ ድፉት። «አፍልቼ ልብላው» አይሠራም፤ አንዳንዱ መርዝ በመፍላት አይጠፋም።

ብርዱንም አትመኑት። የጉና ነፋስ ሌሊት ቢያንዘፈዝፈንም እኩለ ቀን ላይ ጓዳው ይሞቃል። ፍሪጅ ደግሞ ቀንም ሌሊትም ከ4 ዲግሪ እንዳያልፍ ነው የሚፈለገው። መብራት በቀን በቀን የሚጠፋበት ሰፈር ያላችሁ ደግሞ በድርቆሽና በሽሯችሁ ጽኑ፤ እሱም የተፈተነ ዘዴ ነው።

ለምታፌዙት ወንድሞቼ አንድ ነገር ልበል። ትኩስ ቁሌት በየቀኑ ካማራችሁ መብታችሁ ነው። ቢላዋውም ሽንኩርቱም እቤት አለ፤ ክተፉ።

እናንተስ እንዴት ነው የምታስቀምጡት? ኮመንት ላይ ጻፉልን፣ እንማማር። 🙏