12 ሜትሩ ከየት ይለካል?

ጭሮን፣ ብዙዎቻችን አሁንም አሰበ ተፈሪ የምንላትን ከተማ፣ ያየ ሰው ዳገቷን አይረሳም። ከዋናው አስፋልት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ትንሽ ራመድ ሲሉ የአንዱ ጣሪያ ከሌላው ደጃፍ እኩል ሆኖ ይገኛል። ጥያቄዬም ከዚሁ ይነሣል። በኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 መሠረት ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝም ሕንፃ ምድብ “ሐ” ነው፤ ጠንከር ያለው ቁጥጥርም ያለው እዚያ ላይ ነው። ጭሮ ላይ ሜትሩ ከየት ተነሥቶ ይዘረጋል? ከአስፋልቱ ሲታይ ባለ አንድ ፎቅ፣ በጓሮው ወርደው ቀና ሲሉ ግን ባለ ሦስት የሚሆነውን ሕንፃ ምን እንበለው?

አዋጁ ይሻሻል ከተባለ ወዲህ ጆሮዬ የሚገባው ወሬ ስለ ቅጣት፣ ስለ ከተማ ገጽታና ስለ ፎቅ ብዛት ነው። የኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች ከወረደ በኋላማ ገጽታ የሚለው ቃል ብቻውን ሕግ የሆነ ይመስላል። ፊቱን በመስታወትና በክላዲንግ ያሸበረቀ ሕንፃ ጀርባው ያልተለሰነ ብሎኬት ሲሆን፣ የጀርባውን ማን አይቶት ያውቃል? ውሃው የሚወርደው በጀርባ አይደለም እንዴ?

ምድቦቹን እንያቸው። በሁለት ተሸካሚዎች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ባለ አንድ ወለል ቤት ምድብ “ሀ” ይባላል። ከሂርና እስከ ገለምሶ፣ ከበዴሳ እስከ ሚኤሶ አብዛኛው ሰው የሚያድረው እንዲህ ባለው ቤት ነው። መለኪያው ወለልና ርቀት ነው። ሜዳ ላይ የቆመው አንድ ክፍልና ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለው አንድ ክፍል በምድብ እኩል ናቸው። ጎርፍ ግን ምድብ ጠይቆ ያውቃል?

አንድ ቁልቁለት ላይ ቆሜ ያየሁትን ድጋፍ ግንብ ልንገራችሁ። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ ድንጋዩ በሲሚንቶ ተያይዟል፣ ከላይ ቤት ተሸክሟል። ወገቡ ላይ ሆዱን ነፍቷል። ውሃ ማስወጫ ቱቦ ብፈልግ አንድ እንኳ አጣሁ፤ ከኋላው የተጠራቀመው ውሃ በስንጥቁ እየሰረገ አረንጓዴ ሽበት አብቅሎበታል። ክረምት በገባ ቁጥር አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ይገፋል። ግንቡ ሲሠራ ለቤቱ የተጠየቀው ወረቀት ለግንቡም ተጠይቆ ይሆን? ቢናድ የሚወድቀው በባለቤቱ ላይ ሳይሆን ከሥር ባለው ጎረቤት ላይ ነውና፣ ከፈቃዱ በፊት የጎረቤቱን ፊርማ የሚጠይቅ አንቀጽ በማሻሻያው አይገባም?

ሌላም አለ። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ ከአዋሽ ብዙም ሳይርቅ፣ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ ከረመች፤ ታኅሣሥ 26 ቀን ሌሊት የደረሰው መጠኑ ወደ 5.8 የተጠጋ ነበር፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ፎቆች ላይ ያሉ ብዙዎችን በፒጃማ አስወጥቷል። ጭሮ ከአዋሽ በመንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ ሚኤሶ ደግሞ ከዚያም ትቀርባለች። ታዲያ ከአዲስ አበባ ይልቅ መደንገጥ የነበረበት ማን ነው? የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመለከተው የሕንፃ ደረጃ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ወጣ፤ በ2015ም የአውሮፓን ኮድ ተከትሎ ተሻሻለ። ደረጃው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ጭሮ ላይ ፌሮ የሚያስረው ልጅ በኦሮምኛ ይቀልዳል፣ በአማርኛ ሂሳብ ይተሳሰባል፤ የቀለበት ብረቱ ርቀት ስንት መሆን እንዳለበት በየትኛው ቋንቋ ይነገረው?

እዚህ ላይ ለጭቃ ቤት ጥብቅና ልቁም። በወጉ የተማገረ፣ ቋሚው ያልበሰበሰ፣ ቆርቆሮው የቀለለ ጭቃ ቤት ምድር ስትንቀጠቀጥ ይወዛወዛል፣ ጭቃው ይረግፋል፣ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሮጦ ይወጣል። ያለ ኮለንና ያለ ማሰሪያ የተደረደረ ብሎኬት አይወዛወዝም፤ ይሰነጠቅና ይወርዳል። “ጭቃ ቤት ያስጠላል” ተብሎ ሰው በጫት ገንዘብ ብሎኬት ሲደረድር፣ ኮለኑን ከዋጋው ሲቀንስ፣ ከተማዋ ዘመነች ወይስ ለአደጋ ተጋለጠች? ጭቃ ቤትን የሚከለክል ሁሉ ጭቃ ቤትን እንዴት ማጠንከር እንደሚቻል የሚያስተምር አንድ ገጽ ጽፎ ያውቃል? ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ እዚያው ጭሮ ነው ያለው፤ ይህን ማን ጠይቆታል?

የነበረውስ ሕግ የት ደረሰ? አዋጁ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱትም ጭምር፣ መግቢያ ይኑራቸው ካለ ከ15 ዓመት በላይ ሆነው። በዳገት ከተማ ስንት ሆቴል፣ ስንት ባንክ ደረጃ የሌለው መግቢያ አለው? በሥራ ላይ ያልዋለ አንቀጽ ላይ ሌላ አንቀጽ መደረብ ምን ይባላል?

የወሰኑም ነገር አለ። አዋጁ በዋናነት የሚሠራው 10,000ና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞችና ክልሉ በሚሰይማቸው ነው። በገበያ ቀን በሰው የምትጥለቀለቅ፣ ማታ ግን ነዋሪዋ 9,000 የሆነች ከተማ ፎቋ ቢደረመስ የሚሞተው በየትኛው ቆጠራ ይገባል?

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ጨርጨርን ሲገዙ አውራጃውን አርአያ ለማድረግ ደንብ ጽፈው ነበር፤ አሰበ ተፈሪም የዚያ ሥራቸው ልጅ ናት። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የአገሪቱን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እኚሁ ሰው ናቸው። በጽሑፍ ሕግ የጀመረች ከተማ ስለ ገዛ ዳገቷ አንድ አንቀጽ አጣች ማለት ነው?

ያን ሆዱን የነፋ ግንብ ትቼ ስሄድ ከሥሩ አዲስ መሠረት እየተቆፈረ ነበር። ክሩ ተወጥሯል፣ ኖራው ተነስንሷል፣ ዶማው ይወርዳል። ከመንገዱ ምን ያህል እንደራቀ ብጠይቅ አንዱ ቆፋሪ ልቅም አድርጎ ነገረኝ። ከግንቡስ?