«ስደት ላይ ምን ዒድ አለ?» ለምትሉ ሁሉ



ያለፈው ዐረፋ ዕለት ነው። መካነ ሰላም ላይ የዒድ ሶላት ተሰግዶ ሰዉ ሲበተን አንዲት እናት ወደ እኔ መጡና «ኡስታዝ፣ እስቲ ልጄን አንድ ነገር በልልኝ» ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። ልጅቱ ጅዳ ናት። በኢሞ ስትታይ ከጀርባዋ የሰው ማድ ቤት አለ። ሌሊቱን ለአሰሪዎቿ እንግዶች ስታበስል ነው ያደረችው። «አንቺስ ምን ቀመስሽ?» አልኳት። «ኡስታዝ፣ ስደት ላይ ምን ዒድ አለ?» አለችኝ። ከኋላ ሲጠሯት ስልኩ ተዘጋ።

ይህችን ቃል ከእሷ ብቻ አልሰማኋትም። ሪያድ ያለውም፣ ዱባይ ያለውም፣ ቤሩት ያለችውም ይሏታል። እሷን አልወቅሳትም፤ በር የተቆለፈባት ናት። የምወቅሰው በሩ ክፍት ሆኖለት ሳለ ይህችኑ ቃል የሚደግመውን ወንድሜን ነው። ከእሱም በላይ ደግሞ ቃሏን ያስተማርነውን እኛን፣ አገር ቤት ያለነውን።

ወንድሜ ሆይ! ቃሉ ስህተት ነው። በዲንም ስህተት ነው፣ በኑሮም ስህተት ነው።

በዲን እንጀምር። በዒድ ቀን መጾም ክልክል ነው። የዚያን ቀን ማዕድ ከዒባዳው ጋር የተያያዘ ነው ማለት ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለዒድ አልፊጥር ሶላት ከመውጣታቸው በፊት ተምር ይበሉ ነበር፤ ቁጥሩንም ጎዶሎ ያደርጉት ነበር። ሥጋ ባይኖርህ ተምር አጣሁ ልትል ነው? ያውም አረብ አገር ተቀምጠህ! ከዐረፋ ማግስት ያሉትን 3 የተሽሪቅ ቀናት ደግሞ የመብልና የመጠጥ፣ አላህንም የማውሳት ቀናት መሆናቸውን ነግረውናል። ስለዚህ «አሰሪዬ በዒድ ቀን አለቀቀኝም» ለሚል ሰው በሩ ገና አልተዘጋም። መዲና በገቡ ጊዜም መጀመሪያ ለሰዉ ከተናገሯቸው ነገሮች ውስጥ ሰላምታን ማብዛትና ምግብ ማብላት ይገኙበታል። አስተውል! ይህ የተነገረው ስደተኛና ባላገር በአንድ ላይ መኖር በጀመሩበት ከተማ ነው።

በኑሮስ? ማዕድ ማለት ሰው መቁጠሪያ ነው። አብሮህ የሚበላ ሰው የቀረህ ቀን ያውቃል።

ሪያድ የሚሠራ አንድ የአገራችን ልጅ ያጫወተኝን ልንገራችሁ። 8 ሆነው አንድ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። ለዓመታት በዒድ ቀን ሁሉም የየራሱን ሩዝ በፌስታል ገዝቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ስልኩን እያየ ይበላ ነበር። አንድ ዓመት ግን አዋጥተው በግ አሳረዱ። አንዱ ዱለት ሠራ፣ አንዱ ቡና አፈላ፣ ሌላ ሰፈር የሚኖሩትንም የአገር ልጆች ጠሩ። ሲቀመጡ አንድ ልጅ የለም። ቢደውሉ አያነሳም። ሄደው ቢያዩት በትኩሳት ከወደቀ 2 ቀን ሆኖታል፤ ውሃ የሚያቀብለው እንኳ አልነበረም። ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሱት። ዛሬ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። «እንደ ድሮው በየፌስታላችን በልተን ቢሆን ማን ያስታውሰው ነበር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

የመጀመሪያዎቹን ስደተኞች አስቡ። ሶሓባዎች ከመካ ተሰደው ወደ እኛው አገር፣ ወደ ነጃሺ መጡ። ቁረይሾች ስጦታ አሸክመው መልእክተኞች ላኩባቸው፤ «መልስልን» ሊሉ። ሙሃጂሮቹ ምን አደረጉ? ተሰብስበው መከሩ፣ ጀዕፈር ቢን አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ) አፈ ጉባኤያቸው አደረጉ፣ በንጉሡ ፊት እንደ አንድ ሰው ቆሙ። እያንዳንዱ በየፊናው በሩን ዘግቶ ይኖር ቢሆን ኖሮ በዚያች ሰዓት ማን ይሰበስባቸው ነበር?

እኛም የራሳችንን አይተናል። በ2006 ዓ.ም ሳውዲ ውስጥ አፈሳው ሲጀመር፣ የሪያዱ መንፉሃ ሰፈር በጩኸት ሲናጥ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገን ተመለሰ። አብሮ መብላት ያንን ባላስቀረ ነበር። ግን «ልጄ የት እስር ቤት ነው? ደመወዙስ ማን ጋ ቀረ?» ብላ ለምትጮህ እናት መልስ የሚሰጣት አብሮት ይበላ የነበረ ሰው ነው። ሌላ ማን አለ?

ደግሞ የየት አገር ልጆች እንደሆንን አንርሳ። እኔ ደረሳ ሆኜ ከቤቴ ርቄ ስቀራ፣ በዒድ ቀን ባላገሩ «ለእኔ ሁለት ስጡኝ፣ ለእኔ ሦስት» እያለ ይሻማብን ነበር። የገብስ እንጀራውን፣ ሥጋውን አብልቶን፣ ዱዓ አስደርጎን ነበር የሚሸኘን። ዳናም ሆነ ጀማ ንጉሥ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ደረሳ ያለ ዘመድ የተማረው ሕዝብ እያበላው ነው። ክርስቲያኑ ጎረቤት እንኳ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዳው በሙስሊም እጅ አሳርዶ ድስቱን ለብቻ የሚጥድበት አገር ነው፣ ወሎ! ታዲያ የዚህ አገር ልጅ ስደት ሲወጣ ማዕድ መዘርጋት እንዴት ይጠፋበታል?

እውነቱን ልናገር፤ ያጠፋነው እኛ ነን። ዒድ 2 ሳምንት ሲቀረው የበጉን፣ የልብሱን፣ የጫማውን ዝርዝር በዋትስአፕ እንልክለታለን። እሱም ተበድሮ ይልካል። በዒዱ ቀን እኛ ሥጋውን ቲክቶክ ላይ እንለጥፋለን፤ እሱ ደረቅ ዳቦ እየበላ ያየናል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከምግብ ሁሉ መጥፎው ሀብታም ተጠርቶ ድሃ የሚቀርበት የሠርግ ግብዣ መሆኑን አስተምረውናል። በጉን የገዛው ሰው ራሱ ጦሙን የሚያድርበት ማዕድስ ምን ይባል?

አይላክ አላልኩም። ወላጅን መጦር ግዴታ ነው። ነገር ግን የአንተ ሦስተኛ ጫማ ሲለቱ ረሒም አይደለም።

ስደት ያላችሁትም ከወቀሳ አታመልጡም። የቦረና ልጅ ለብቻ፣ የሳይንቱ ለብቻ፣ የለጋምቦው ለብቻ ትሰባሰባላችሁ። አማራው ለብቻ፣ ኦሮሞው ለብቻ፣ የትግራዩ ለብቻ። የአገር ቤቱን ጠብ ባሕር አሻግራችሁ ትሪ ላይ አስቀመጣችሁት። የመዲናው ወንድማማችነት የመካን ሰው ከመዲና ሰው፣ ለዘመናት ሲጋደሉ የኖሩትን አውስንና ኸዝረጅን ሳይቀር ያጣመረ ነበር። ለአሰሪውና ለፖሊሱ ሁላችሁም አንድ ሐበሻ ናችሁ። ለእናንተ ለራሳችሁ ብቻ እንዴት ዘጠኝ ሆናችሁ?

ታዲያ ምን ይደረግ? እንደ ቅሬያችን አድርጉት። ከዒዱ 2 ወር አስቀድሞ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ አዋጡ። ለዐረፋ አንድ በሬ ወይም ግመል ለ7 ሰው ኡድሒያ ይሆናል፤ አንድ በግ ግን 7 ሰው ለኡድሒያ በጋራ አይገዛውም። ዝርዝሩን ዑለሞችን ጠይቁ። አቅም ከሌለ ተምርና ቡና ይበቃል። ቤት የተዘጋባቸውን እህቶች ስም እህቶች ይያዙ፤ መውጣት የምትችለው ሳህን ታድርስ፣ ያልቻለችው ትደውል። አንድም ስም ሳይጠራ ዒዱ አይለፍ። ክርስቲያን የአገር ልጅም ክፍሉ ውስጥ ካለ ይጠራ፤ እናቱ ለእኛ ድስት ለይታ ጥዳለች።

አንተ ደግሞ አገር ቤት ሆነህ ይህን የምታነብ ወጣት፣ ለመጪው ዒድ ለወንድምህ ወይም ለእህትህ ስትደውል «ስንት ትልካለህ?» ከማለትህ በፊት «ከማን ጋር ትበላለህ?» ብለህ ጠይቅ። «ብቻዬን» ካለህ በጉ ይቅርብህ። ገንዘቡን እዚያው ያዋጣው፣ ሰው ጠርቶ ይብላበት። እኛ ሽሮም ቢሆን ከጎረቤት ጋር እንበላለን፤ ዒዳችን አይጎድልም።

አላህ በስደት ያሉትን ይጠብቅልን፣ የተቆለፈውን በር ይክፈትላቸው፣ በሰላም ለአገራቸው ያብቃልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።